የፖይኪኮስ ሳይንስ፦ የእሳት ብዛት ጊዜን የማይተካበት ድስት

ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ተለያይተው ይቀርባሉ፤ በወጥ ቤት ውስጥ ግን ሦስቱም በአንድ ድስት ይገናኛሉ። ድስት እሳት ላይ በተጣደ ቁጥር ሙቀት ከአካል ወደ አካል ይተላለፋል፣ ውኃ ይተናል፣ ፕሮቲኖች ቅርጻቸውን ይለውጣሉ፣ የአትክልት ሕዋሳትም ይላላሉ። በዚህ ጽሑፍ ይህን ሂደት የምንከታተለው በደቡብ አፍሪካ አፍሪካነሮች ዘንድ ለረጅም ዘመን ሲሠራ በኖረ፣ ቀላል ሆኖም ትዕግሥትን በሚጠይቅ አንድ ወጥ አማካይነት ነው። ይህም ወጥ «ፖይኪኮስ» ይባላል።

ይህን ምግብ ለትምህርታችን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሥጋ አልበስል ሲል አብዛኞቻችን የምንወስደው እርምጃ እሳት መጨመር ነው። የፖይኪኮስ አብሳዮች ግን ተቃራኒውን ያደርጋሉ፤ እሳቱን ይቀንሳሉ፣ ድስቱን ይከድናሉ፣ ማማሰያውንም ያስቀምጣሉ። ለሰዓታት ሳይነኩትም ይጠብቃሉ። ይህ ልማድ ብቻ ነው ወይስ ሳይንሳዊ መሠረት አለው? ከዚህ በታች እንደምንመለከተው፣ የልማዱ እያንዳንዱ ደንብ ማለት ይቻላል የራሱ ምክንያት አለው። ምክንያቱን የተረዳ ሰውም ርካሹንና ጠንካራውን ሥጋ ወደ ጥሩ ምግብ መለወጥ፣ ማገዶ መቆጠብ፣ ከዚህም በላይ ሕይወትን ከአደጋ መጠበቅ ይችላል።

ስሙና አመጣጡ

በአፍሪካንስ ቋንቋ «ፖይኪ» ማለት ትንሽ ድስት፣ «ኮስ» ማለት ደግሞ ምግብ ማለት ነው። ስለዚህ ፖይኪኮስ «የትንሽ ድስት ምግብ» እንደ ማለት ነው። ስሙ የተወሰደው ከሥጋው ወይም ከቅመሙ ሳይሆን ከመሥሪያ ዕቃው መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ድስቱ ከምግቡ የማይነጠል መሆኑን ስሙ ራሱ ይናገራልና።

የኔዘርላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ በያን ፋን ሪቤክ መሪነት በ1652 (እ.ኤ.አ.) በኬፕ የመርከቦች ማረፊያ ጣቢያ ሲያቋቁም፣ ከአውሮፓ የመጡት ሰዎች የብረት ድስቶቻቸውንና በአንድ ድስት ወጥ የመሥራት ልማዳቸውን ይዘው ነበር። ከእነርሱ በኋላ ጀርመናውያን፣ ከ1688 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮም በሃይማኖታቸው ምክንያት ከፈረንሳይ የተሰደዱ ፕሮቴስታንቶች ተጨመሩ። የአፍሪካነር ሕዝብ የተገኘው በዋነኛነት ከእነዚህ ሰፋሪዎች ነው። ይሁን እንጂ የኬፕ ወጥ ቤት የአውሮፓውያን ብቻ አልነበረም። ከኢንዶኔዥያ ደሴቶች፣ ከሕንድና ከማዳጋስካር በባርነት የተወሰዱ ሰዎች ቅመማቸውንና የማብሰል ጥበባቸውን ጨምረውበታል። ድንብላል፣ ቅርንፉድና ቁንዶ በርበሬ ዛሬም በዚህ ወጥ ውስጥ የሚገኙት በዚህ ታሪክ ምክንያት ነው።

ከ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ጀምሮ በሺህ የሚቆጠሩ የኔዘርላንድኛ ተናጋሪ ገበሬዎች በበሬ በሚጎተቱ ሠረገላዎች ከኬፕ ቅኝ ግዛት ወደ መሀል አገር ተጓዙ። በሰፊው እንደሚተረከው፣ ድስቱ በጉዞ ጊዜ ከሠረገላው ሥር ይንጠለጠላል፤ ሲሰፍሩ ይጣዳል፤ በመንገድ የታደነው እንስሳ ሥጋና የተገኘው አትክልትም ይጨመርበታል። ባለ ሦስት እግሩ ድስት ከአፍሪካነሮች አልፎ በሌሎቹ የደቡብ አፍሪካ ሕዝቦች ዘንድም የተለመደ ሆኗል፤ የበቆሎ ገንፎ ሳይቀር ይሠራበታል።

ድስቱ እንደ ሳይንስ መሣሪያ

የፖይኪ ድስት የሚሠራው ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ ከፈሰሰ ብረት ነው። ሆዱ ክብ፣ ግድግዳው ወፍራም፣ ክዳኑ ጎበጥ ያለና ከባድ ነው። ሦስት እግሮችም አሉት። ከእነዚህ ባሕርያት እያንዳንዱ አንድ ሥራ ይሠራል።

እግሮቹ ሦስት መሆናቸው በሜዳ ላይ ጠቃሚ ነው። ሦስት ነጥቦች ምንጊዜም በአንድ ጠለል ላይ ስለሚያርፉ፣ ባለ ሦስት እግር ድስት በወጣ ገባ መሬት ላይ እንኳ አይንገጫገጭም። ጉልቻችን ሦስት የሆነበትም ምክንያት ይኸው ነው። እግሮቹ በድስቱና በፍሙ መካከል ክፍተት ስለሚፈጥሩ አየር ይዘዋወራል፣ ፍሙንም እየጎተቱ ወይም እየጨመሩ ሙቀቱን መቆጣጠር ይቻላል።

ሁለተኛው ጉዳይ የብረቱ ክብደት ነው። የአንድ ግራም ብረት መጠነ ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲጨምር 0.46 ጁል ያህል ጉልበት ያስፈልጋል። ድስቱ 10 ኪሎ ግራም ቢመዝን ለእያንዳንዱ ዲግሪ 4.6 ኪሎ ጁል ይፈልጋል ማለት ነው። አንድ ኪሎ ግራም የሚመዝን የአሉሚኒየም ድስት ግን 0.9 ኪሎ ጁል ይበቃዋል። ስለዚህ ከባዱ የብረት ድስት ለመሞቅ አምስት እጥፍ ያህል ጉልበት ይጠይቃል፤ አንዴ ከሞቀ በኋላ ግን ያንኑ ያህል ጉልበት በውስጡ ይዞ ይቆያል። ነፋስ ፍሙን ቢያነደው ወይም ፍሙ ለጥቂት ጊዜ ቢደክም፣ የድስቱ መጠነ ሙቀት ወዲያውኑ አይዋዥቅም። ድስቱ የሙቀት ጎተራ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

ሦስተኛው ክዳኑ ነው። ከወጡ የሚነሣው እንፋሎት ቀዝቀዝ ያለውን ክዳን ሲነካ ወደ ጠብታ ይለወጥና ተመልሶ ይወርዳል። ክዳኑ ከባድ በመሆኑም እንፋሎቱ በቀላሉ አያመልጥም። በዚህ ምክንያት ፖይኪኮስ ሲሠራ የሚጨመረው ውኃ እጅግ ጥቂት ነው። ወጡን የሚሠራው በአብዛኛው ከሥጋውና ከአትክልቱ የሚወጣው ፈሳሽ ነው።

ሥጋው ለምን መጀመሪያ ይጠነክራል?

ለፖይኪኮስ የሚመረጠው ሥጋ ለጥብስ የማይመረጠው ነው፦ የበግ አንገት፣ ከጉልበት በታች ያለው የበሬ እግር ሥጋ፣ ጭራ። እነዚህ የአካል ክፍሎች እንስሳው በሕይወት ሳለ ዘወትር ይሠሩ ስለነበር አያያዥ ጅማት ይበዛባቸዋል። ጅማቱ በዋነኛነት የተሠራው ኮላጅን ከሚባል ፕሮቲን ነው። የኮላጅን ሞለኪውል እንደ ገመድ እርስ በርሳቸው የተገመዱ ሦስት ሰንሰለቶች ያሉት ሲሆን፣ የሥጋው ጥንካሬ ከዚህ ገመድ ጥንካሬ ይመነጫል።

ሥጋው ሲሞቅ የሚሆነው በሁለት የተለያዩ ፍጥነቶች ነው። በመጀመሪያ የጡንቻ ፕሮቲኖች ይለወጣሉ። ማዮሲን የተባለው ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ጀምሮ፣ አክቲን የተባለው ደግሞ ከ65 ዲግሪ በላይ ቅርጻቸውን ይለቃሉ፤ ይኮማተራሉ፣ ውኃም ይለቃሉ። በ60 እና በ65 ዲግሪ መካከል ደግሞ ኮላጅኑ ራሱ ስለሚኮማተር ሥጋውን እንደ ጨርቅ ይጨምቀዋል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው በደቂቃዎች ውስጥ ነው። ውጤቱም ደረቅና ጠንካራ ሥጋ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ለውጥ ግን ዝግ ያለ ነው። የተገመዱት የኮላጅን ሰንሰለቶች ቀስ በቀስ ተፈትተው በውኃ ውስጥ ይሟሟሉ፤ ጀላቲን ወደሚባል ለስላሳና ውኃ አቋሪ ነገር ይለወጣሉ። ይህ ለውጥ ከ70 ዲግሪ በላይ ይፋጠናል፤ ቢሆንም በ90 ዲግሪ አካባቢ እንኳ ሰዓታትን ይፈልጋል። ጀላቲኑ ከተፈጠረ በኋላ የጡንቻው ጭረቶች ይላቀቃሉ፣ መረቁ ይወፍራል፣ ሥጋውም ጭማቂውን ያጣ ቢሆንም በጀላቲን ስለተለወሰ በአፍ ውስጥ ለስላሳ ይሆናል።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ ትምህርት እናገኛለን። ከአንድ ሰዓት በኋላ የተቀመሰ ሥጋ ከመጀመሪያው ይልቅ ጠንክሮ ቢገኝ፣ ይህ የመበላሸት ምልክት አይደለም፤ የመንገዱ አጋማሽ ነው። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠውና እሳት የሚጨምረው ልክ በዚህ ሰዓት ነው።

ሥጋውን አስቀድሞ መጥበስ

ወጡ ከመጀመሩ በፊት ሥጋው በጥቂት ስብ ቡናማ እስኪሆን ይጠበሳል። ታዋቂው ጀርመናዊ ኬሚስት ዩስቱስ ፎን ሊቢሽ በ1847 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፍ ኃይለኛ ሙቀት የሥጋውን ገጽ አጠንክሮ ጭማቂውን እንደሚያሽግ አመልክቶ ነበር። ሐሳቡ እስከ ዛሬ በወጥ ቤቶች ይነገራል፤ ነገር ግን ትክክል አይደለም። የተጠበሰው ገጽ ውኃን አያግድም። በሚጠበስበት ጊዜ የምንሰማው የመንጫጫት ድምፅ ራሱ ከሥጋው የሚወጣው ውኃ በጋለው ብረት ላይ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ የሚሰማ ድምፅ ነው።

የመጥበሱ እውነተኛ ጥቅም ሌላ ነው። በ1912 (እ.ኤ.አ.) ፈረንሳዊው ሉዊ ካሚይ ማያር አሚኖ አሲዶችና ስኳሮች በሙቀት ሲገናኙ ቡናማ ውሑዶችን እንደሚፈጥሩ ገለጠ። የተጠበሰ ቡና፣ የዳቦ ቅርፊትና የጥብስ ሽታ በአብዛኛው የሚመነጨው ከዚህ የማያር አጸግብሮት ነው። አጸግብሮቱ በፍጥነት የሚካሄደው ከ140 ዲግሪ ገደማ በላይ ነው። እርጥብ ገጽ ግን ውኃው እስኪተን ድረስ ከ100 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። ስለዚህ ሥጋውን ማድረቅ፣ ድስቱን አስቀድሞ ማጋልና ሥጋውን ጥቂት ጥቂት እያደረጉ መጥበስ ያስፈልጋል። ድስቱ ከሞላ ሥጋው በራሱ ውኃ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ፈሳሽ ከተጨመረ በኋላ ይህን ጣዕም ማግኘት አዳጋች ስለሆነ፣ መጥበስ የመጀመሪያው እርምጃ ይሆናል።

እሳት መጨመር ለምን አይጠቅምም?

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄያችን ደርሰናል። ውኃ ነጥበ ፍሌቱ ላይ ከደረሰ በኋላ፣ ክፍት ወይም ተራ ክዳን ባለው ድስት ውስጥ መጠነ ሙቀቱ ከዚያ በላይ አይጨምርም። የተጨመረው ጉልበት ሁሉ የሚውለው ውኃን ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ነው። በሌላ አነጋገር፣ በኃይል የሚንተከተክ ወጥ በዝግታ ከሚፈላ ወጥ ይልቅ የሚሞቀው በጥቂቱ ነው ወይም ከነጭራሹ አይበልጠውም።

በቁጥር እንመልከተው። አንድ ኪሎ ግራም ውኃን ከ20 ወደ 100 ዲግሪ ለማድረስ 335 ኪሎ ጁል ያህል ያስፈልጋል። ያንኑ ውኃ ሙሉ በሙሉ ለማትነን ግን 2,260 ኪሎ ጁል ያህል ያስፈልጋል፤ ይኸውም ሰባት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። ስለዚህ አንድ ሊትር ውኃ በእንፋሎት መልክ እንዲያመልጥ የፈቀደ አብሳይ፣ ሥጋውን አንዲት ደቂቃ ሳያፋጥን ሰባት ሊትር ሊጠጋ የሚችል ውኃ የሚያፈላ ማገዶ አባክኗል። ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። መረቁ ሲያልቅ የድስቱ ወለል መጠነ ሙቀት ከ100 ዲግሪ አልፎ ይወጣል፣ ወጡም ያርራል። ንትክታኩ ድንቹንና ካሮቱንም ይፈረካክሳል።

ከባሕር ወለል ያለው ከፍታም ወሳኝ ነው። ከፍ ባልን ቁጥር የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ ነጥበ ፍሌት ይወርዳል፤ በግምት ለየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ። በባሕር ዳርቻ ባለችው ኬፕ ታውን ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። 1,750 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት ጆሃንስበርግ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በሚገኙት የአዲስ አበባ ሰፈሮች ደግሞ በ92 ዲግሪ ገደማ። የኮላጅን መሟሟት ለእያንዳንዱ ዲግሪ ስሜት ያለው በመሆኑ፣ በኬፕ ታውን በሦስት ሰዓት የሚደርሰው ሥጋ በአዲስ አበባ ተጨማሪ ጊዜ ይፈልጋል። ይህን ጊዜ በእሳት ብዛት መግዛት አይቻልም። ግፊቱን ከፍ የሚያደርገው የፕሬዠር ድስት ብቻ ነው ነጥበ ፍሌቱን በማሳደግ ጊዜውን የሚያሳጥረው።

አትክልቱ በንብርብር

የፖይኪኮስ ሁለተኛው ታዋቂ ደንብ «አታማስል» የሚለው ነው። አትክልቱ በሥጋው ላይ በንብርብር ይደረደራል፤ ለመብሰል ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ከታች፣ ቶሎ የሚበስለው ከላይ። የታችኛው ክፍል በፈላ መረቅ ውስጥ ይቀቀላል፤ የላይኛው በእንፋሎት ይበስላል። በዚህም መንገድ አንድ ድስት የሁለት ድስት ሥራ ይሠራል።

የአትክልት ሕዋሳትን እርስ በርስ የሚያጣብቀው ፔክቲን የተባለ ነገር ነው። ፔክቲን በሚገባ የሚላላው ከ85 ዲግሪ ገደማ በላይ ነው። አሲድ ደግሞ ይህን መላላት ያዘገያል። ስለዚህ ቲማቲም፣ ሎሚ ወይም ወይን ጠጅ በመጀመሪያ ከተጨመረ ድንቹ ለረጅም ጊዜ ድርቅ ብሎ ሊቆይ ይችላል። የሚሻለው ድንቹና ካሮቱ ከለሰለሱ በኋላ መጨመር ነው። ማማሰልን በተመለከተ፣ የላላ ፔክቲን ያለው ድንች በማማሰያ ሲነካ ይፈርሳል፤ ስታርቹም ወደ ወለሉ ወርዶ ይያዛል፣ ያርራልም።

በቤት ውስጥ አዘገጃጀቱ

ለስድስት ሰው የሚበቃ ቀላል ፖይኪኮስ ለመሥራት የሚያስፈልጉት እነዚህ ናቸው፦

• አጥንት ያለው የበግ አንገት ወይም የበሬ እግር ሥጋ፣ 1.5 ኪሎ ግራም
• ዘይት ወይም የቀለጠ ሞራ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ
• ቀይ ሽንኩርት፣ 2 ትልልቅ ራስ፤ ነጭ ሽንኩርት፣ 3 ፍንካች
• ካሮት፣ 4፤ ድንች፣ 6 መካከለኛ
• ፎሶሊያ፣ 250 ግራም፤ ከተገኘም ጥቂት እንጉዳይ
• የፈላ ውኃ ወይም መረቅ፣ ግማሽ ሊትር
• ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ፣ የተፈጨ ድንብላል፣ 2 ፍሬ ቅርንፉድ

የፖይኪ ድስት ለሌለው ሰው ወፍራም ወለልና የሚገጥም ክዳን ያለው ማንኛውም ድስት ይሆናል። በቀጭን ድስት የሚሠራ ሰው እሳቱን እጅግ መቀነስ ይኖርበታል።

በመጀመሪያ ሥጋውን በንጹሕ ጨርቅ አድርቀን ጨው እንነሰንስበታለን። ድስቱን ካጋልን በኋላ ስቡን ጨምረን ሥጋውን በሦስት ዙር ቡናማ እስኪሆን እንጠብሳለን፤ ይህ በጠቅላላው 20 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ሥጋውን አውጥተን ቀይ ሽንኩርቱን በዚያው ስብ እናቁላላለን፤ ነጭ ሽንኩርቱንና ቅመሙን እናስከትላለን። ከሽንኩርቱ የሚወጣው ውኃ ወለሉ ላይ የተያዘውን ቡናማ ነገር ያላቅቀዋል፤ የወጡ ጣዕም በብዛት ያለውም በዚያ ውስጥ ነው።

ከዚህ በኋላ ሥጋውን መልሰን የፈላውን ውኃ እንጨምራለን። ውኃው ቀዝቃዛ ቢሆን የጋለውን ወፍራም ብረት በድንገት በማኮማተር ሊሰነጥቀው ይችላል። ድስቱን ከድነን እሳቱን እንቀንሳለን። ትክክለኛው እሳት በጆሮ ይታወቃል፤ ከክዳኑ ሥር የሚሰማው አልፎ አልፎ የሚመጣ «ቡልቅ፣ ቡልቅ» የሚል ድምፅ እንጂ ተከታታይ ንትክታክ መሆን የለበትም።

የበግ አንገት ከሆነ ከአንድ ሰዓት ተኩል፣ የበሬ እግር ከሆነ ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ካሮቱን፣ ከላዩም ድንቹን እንደረድራለን፤ ጥቂት ጨው ነስንሰን እንደገና እንከድናለን። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ፎሶሊያውንና እንጉዳዩን ከላይ አድርገን ሌላ ግማሽ ሰዓት እንጠብቃለን። በየመሀሉ ክዳኑን መክፈት እንፋሎቱን ስለሚያባክን፣ መረቁ መኖሩን ለማየት አንድ ሁለቴ ብቻ መክፈት ይበቃል። መረቅ ካነሰ ጥቂት የፈላ ውኃ በድስቱ ዳር እናፈሳለን። ወጡ መድረሱን የሚነግረን ሰዓቱ ሳይሆን ሹካው ነው። ሹካ ወደ ሥጋው ገብቶ ያለ ትግል ከወጣ፣ አጥንቱም ከተላቀቀ ኮላጅኑ ሥራውን ጨርሷል። ካልሆነ ሌላ ግማሽ ሰዓት እንሰጠዋለን። ፖይኪኮስ ብዙውን ጊዜ የሚቀርበው ከሩዝ፣ ከዳቦ ወይም ከበቆሎ ገንፎ ጋር ነው።

ሦስት ጥንቃቄዎች

ረጅም ጊዜ የሚወስድ ማብሰል የራሱ አደጋዎች አሉት። የመጀመሪያውና ዋነኛው የከሰል ጋዝ ነው። ፖይኪኮስ የሜዳ ምግብ ነው፤ በትውልድ አገሩ ከሰሉና እንጨቱ የሚነዱት ከቤት ውጭ ነው። ከሰል በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይፈጥራል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። በደማችን ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አይሎ ስለሚጣበቅ፣ አካላችን ኦክስጅን ያጣል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ድካም ምልክቶቹ ናቸው፤ የተኛ ሰው ግን ምልክቱን ሳያውቀው ሊሞት ይችላል። «ከሰሉ ፍም ስለሆነና ጭሱ ስላቆመ አይጎዳም» የሚለው እምነት ስሕተት ነው፤ ጭስ የሌለው ፍምም ጋዙን ያወጣል። ስለዚህ ለሦስትና ለአራት ሰዓት የሚቆይ የከሰል ምድጃ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ፈጽሞ መቀመጥ የለበትም። በቤት ውስጥ ለሚሠራ ሰው የኤሌክትሪክ ምድጃ ተመራጭ ነው።

ሁለተኛው ስለ ቦሎቄ ነው። በጾም ቀን ሥጋውን በቀይ ቦሎቄ መተካት ይቻላል፤ ነገር ግን ጥሬ ቀይ ቦሎቄ ፋይቶሄማግሉቲኒን የተባለ መርዛማ ፕሮቲን አለው። ይህ ፕሮቲን ከነጥበ ፍሌት በታች በሆነ ዝግ ያለ ሙቀት በሚገባ አይጠፋም፤ በደንብ ያልበሰለ ቦሎቄም ብርቱ ትውከትና ተቅማጥ ያመጣል። ስለዚህ ቦሎቄው ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ውኃው ይደፋል፤ በአዲስ ውኃም ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት፣ በደጋ አገር ደግሞ ከዚያ ለበለጠ ጊዜ እየተንተከተከ ከተቀቀለ በኋላ ብቻ ወደ ድስቱ ይገባል። እሳት መጨመር የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

ሦስተኛው ስለ ተረፈ ወጥ ነው። የድስቱ ሙቀት ማቆር በማብሰል ጊዜ ጥቅም፣ ከተበላ በኋላ ግን ጉዳት ነው። ወጡ ለሰዓታት ለብ ብሎ ይቆያልና። ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የተባለው ባክቴሪያ ዘረ ብልቃጦች መፍላትን ተቋቁመው ይተርፋሉ፤ ወጡ ወደ 45 ዲግሪ ሲቀዘቅዝም በየ10 ደቂቃው ገደማ በእጥፍ ሊራቡ ይችላሉ። አንዳንድ ባክቴሪያዎች የሚያመነጩት መርዝ ደግሞ እንደገና በማፍላት አይጠፋም። ስለዚህ ጥንት በጉዞ ላይ እንደነበረው ወጡን በድስቱ ውስጥ ማሳደር አይገባም። ከሁለት ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ወደ ዝርግ ዕቃ ገልብጦ ማቀዝቀዝና ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስገባት ይገባል።

ብረቱና ደማችን

ከድስቱ ጋር በተያያዘ አገራችንን በቀጥታ የሚመለከት አንድ ግኝት አለ። በብረት ድስት የሚበስል ምግብ፣ በተለይም እርጥበትና አሲድ ያለው ከሆነ፣ ከድስቱ ጥቂት ብረት ይወስዳል። በኢትዮጵያ የተካሄደና በ1999 (እ.ኤ.አ.) ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት፣ ሕፃናት ላሏቸው ቤተሰቦች በዕጣ የብረት ወይም የአሉሚኒየም ድስት አድሎ ለ12 ወራት ተከታተላቸው። በመጨረሻም በብረት ድስት የበሰለ ምግብ የተመገቡት ሕፃናት የደም ማነሳቸው የቀነሰና እድገታቸው የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ከባዱ ድስት፣ ከጣዕሙ ባሻገር፣ የጤና ጥቅም ሊኖረው እንደሚችል ይህ ያሳያል። ድስቱ እንዳይዝግ ግን ታጥቦ ወዲያው ይደርቃል፣ በስሱም ዘይት ይቀባል። በሙቀት የተያያዙ የዘይት ሞለኪውሎች በብረቱ ላይ የሚፈጥሩት ጥቁር ሽፋን ከዝገት ይከላከለዋል።

ማጠቃለያ

ፖይኪኮስ ያስተማረን መሠረታዊ ነገር አንድ ነው። እርጥብ ድስት ውስጥ መጠነ ሙቀትን የሚወስነው ነጥበ ፍሌት እንጂ የእሳቱ ብዛት አይደለም፤ ጠንካራውን ሥጋ የሚፈታውም ጊዜ ነው። ይህን ያወቀ ሰው በርካሽ ሥጋ መልካም ምግብ ይሠራል፣ ማገዶውንም ይቆጥባል። አንባቢያን የተማሩትን እንዲያመዛዝኑ ሁለት ጥያቄዎችን እናቀርባለን።

1. 10 ኪሎ ግራም የሚመዝን የብረት ድስትን ከ20 ወደ 95 ዲግሪ ለማሞቅ ስንት ኪሎ ጁል ያስፈልጋል? ይህ ግማሽ ኪሎ ግራም ውኃ ለማትነን ከሚያስፈልገው ጋር ሲነጻጸር እንዴት ነው?
2. 1,500 ሜትር ከፍታ ባላት ከተማ ውኃ በስንት ዲግሪ ገደማ ይፈላል?

መልስ፦ (1) 345 ኪሎ ጁል፤ ግማሽ ኪሎ ግራም ውኃ ለማትነን 1,130 ኪሎ ጁል ስለሚያስፈልግ ከሦስት እጥፍ በላይ ይበልጣል። ክዳኑን በዘፈቀደ መክፈት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከዚህ እንረዳለን። (2) በ95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ።